ለአዲሷ ሊቀመንበር፦ ስለ ትርፍ ሰዓት እና ስለ ፈቃድ

ልጄ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነሽ መመረጥሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ከአባትሽ ጋር በአንድ ፈረቃ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና መርቄሽ ብቻ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የኅብረት ስምምነታችሁ ጊዜው ሊያበቃ ወራት እንደቀሩት ነግረውኛል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የምትለዋን በምርጫው ዕለት ሳይደጋግሙልሽ አልቀሩም፤ እኔ አልደግማትም። ድሩ ሲያብር አይቻለሁ። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ቋጠሮው ማን እንዳላላው ሳይታወቅ ሲፈታም አይቻለሁ። ቋጠሮው ያለው አንቀጾቹ ውስጥ ነው፤ ዛሬ የምጽፍልሽም ስለ እነሱ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ወንበሩ ላይ ከመደላደልሽ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቢ። ሙሉውን በአንድ ሌሊት ጨርሺ አልልሽም፤ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍትና ፈቃድ፣ ስለ ኅብረት ስምምነት የሚናገሩትን ክፍሎች እርሳስ ይዘሽ እያሰመርሽ አንብቢያቸው። አዋጁ መነሻ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ የተጻፈ ስምምነት አይጸናም፤ ከእሱ የተሻለ የሰጠ ስምምነት ግን በአዋጁ ቦታ ይሠራል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ "በአዋጁ መሠረት ይፈጸማል" የሚል ዐረፍተ ነገር ባየሽ ቁጥር እዚያ ላይ ማኅበሩ አንዳች እንዳላገኘ ቁጠሪው። ሕጉ ያለ እናንተ ድርድርም ይሰጥ የነበረውን ነው የሰጣችሁ። በእኛ ዘመን ገጹ የበዛ፣ በጥሩ ወረቀት የታተመ፣ ማኅተሙ ያማረ ስምምነት ተፈራርመን ስናበቃ ግማሹ ይህችው ዐረፍተ ነገር ነበረች።

አሁን ወደ ኦቨርታይም እንምጣ። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ ሲያልፍ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው በ1.75፤ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። በድሮው አዋጅ፣ በ377/1996፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 1.25 እና 1.5 ነበሩ። ይህን ሁሉም የማኅበር ሰው በቃሉ ይወጣዋል፤ በድርድሩም ወቅት "1.5 የነበረው 1.75 ይሁንልን" እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል። ማንም የማይከራከርበት ግን ሌላ ነው፦ የሰዓቱ ደመወዝ ራሱ እንዴት ተገኘ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። አንዲት ኦፕሬተር በወር 6,240 ብር ታገኛለች እንበል። ፋይናንስ ደመወዟን ለ208 ቢያካፍለው፣ ማለት ለ26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት፣ የሰዓቷ ዋጋ 30 ብር ነው። ለ30 ቀን በ8 አስልቶ ለ240 ቢያካፍለው 26 ብር ይሆናል። በ1.5 ሲባዛ አንደኛው 45፣ ሁለተኛው 39 ብር ነው። በወር 40 ሰዓት ትርፍ ብትሠራ በአንደኛው 1,800፣ በሁለተኛው 1,560 ብር ታገኛለች። 240 ብር በየወሩ ጠፋ፤ ማንም አልሰረቃትም፣ ማንም አልተቆጣትም፣ ማባዣዋም ሕጉ ያለው 1.5 ነው። ወሩን ሙሉ በ48 ሰዓት ሳምንት የምትሠራ ሰው የዓመት ሰዓቷ ለ12 ሲካፈል የሚመጣው 208 ነው፤ እሁዶቿን እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮ ማካፈል ያልሠራችበትን ቀን ተጠቅሞ የሠራችበትን ማርከስ ነው። "የአንድ ሰዓት ደመወዝ ማለት ወርኃዊ ደመወዝ ለ208 ተካፍሎ የሚገኘው ነው" የምትል አንዲት መስመር አስገቢ። የአንዲቷን ልጅ የክፍያ ወረቀትም ዛሬውኑ ተቀብለሽ አስልተሽ እይው። ከሁሉ አስቀድመሽ የምታደርጊው ይህ ይሁን።

ሁለተኛው ጉድጓድ አበል ነው። ደመወዝ ይጨመር ስትሉ ማኔጅመንቱ በደስታ "1,000 ብር የትራንስፖርት አበል እንስጣችሁ" ሊል ይችላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ከአበል አንዳንዱ ግብር ላይ ስለሚቀል ሰው በእጁ የሚገባውን ብቻ ያያል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አዋጁ ደመወዝ የሚለው የሠራተኛው መደበኛ ክፍያ ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ አበል፣ ቦነስ በዚያ ውስጥ አይቆጠሩም። እንግዲህ ትርፍ ሰዓቱ የሚሰላው ከደመወዙ ነው፤ በዓመት ፈቃድ ላይ ሆነሽ የሚከፈልሽ ከደመወዙ ነው፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ከደመወዙ ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ የሚያዋጡት ጡረታም የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዙ ነው። እኔ ዛሬ በጡረታ ደብተሬ የማገኛት ብር በወጣትነታችን አጨብጭበን የተቀበልናቸውን አበሎች ጨርሶ አታውቃቸውም። አበልን እምቢ በይ አይደለም ምክሬ። አምስት መቶው መሠረታዊ ደመወዝ ላይ፣ አምስት መቶው በአበል ቢባል እንኳ ጨብጪ፤ ሙሉውን በአበል ግን አትፈርሚ።

ሦስተኛው የትእዛዝ ነገር ነው። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ያውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረን ሰው መተካት ሲያስፈልግ ነው። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ግን ፎርማኑ ከኋላሽ ይመጣና "ኮንቴይነሩ ነገ ይወጣል፣ ትንሽ ቆዩልኝ" ይላል። ትንሹ ሁለት ሰዓት ይሆናል። በወሩ መጨረሻ ፔሮል ላይ ሲፈለግ የለም፤ ሰው ኃይል "ማዘዣ አልደረሰንም" ይላል፣ ፎርማኑ "ፈቃደኛ ሆነው ነው የቆዩት" ይላል። ስለዚህ ስምምነቱ ውስጥ ይህ ይጻፍ፦ ፎርማኑ ሥራው ሳይጀመር የትርፍ ሰዓት ማዘዣ ይሞላል፣ አንዱ ቅጂ ለሠራተኛው ይሰጣል፣ ፎርማኑ ማዘዣ ሳይሞላ ሰው ያስቆየበት ሰዓትም እንደታዘዘ ይቆጠራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? በሠራተኛው እጅ ያለች ቁራጭ ወረቀት ከፎርማኑ ትዝታ ትበልጣለች።

ሰዎቻችሁን ደግሞ ይህን አስተምሪያቸው፤ ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል በትርፍ ሰዓት ላይ አይሠራም። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። "ዓመት ሙሉ አልተከፈለኝም" ብላ የምትመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ጥላ ነው የምትመጣው። በየሦስት ወሩ የየክፍሉ ተጠሪ የአባላቱን ሰዓት ከክፍያው ጋር የሚያስተያይበት ቀን ብትመድቢ ግማሹ ጭቅጭቅ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያልቃል።

ስለ ፈረቃ አንድ ነገር ልጨምር። የሌሊት ፈረቃ መደበኛ 8 ሰዓትሽ ከሆነ፣ አዋጁ ሌሊት ስለሆነ ብቻ ጭማሪ አይሰጥሽም፤ 1.75ቱ ለትርፍ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። የሌሊት ፈረቃ አበል የሚባለው የሚገኘው በስምምነት ብቻ ነው፤ አበል መጠየቅ የሚያምርበት ቦታም ይህ ነው። ከገንዘቡ ጋር ሰርቪሱን፣ የሌሊት ሻዩንና የፈረቃ መቀያየሪያውን ተራ አብራችሁ ጻፉ።

በበዓል ቀን መደበኛ ሰዓቱን የሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት ደመወዙ በእጥፍ ይታሰብለታል፤ 2.5ቱ ለትርፍ ሰዓት ነው። ነገር ግን በዓሉ ከዕረፍት ቀን ጋር ከገጠመ የሚከፈለው ለአንዱ ብቻ ነው። ፋሲካ መቼ ነው የሚውለው? ሁልጊዜ እሁድ። ዕረፍቷ እሁድ የሆነች ልጅ በፋሲካ ገብታ ብትሠራ የሌላ እሁድ ያህል ታገኛለች፤ ባትገባም በዓሉ ዕረፍቷን በላባት። እንግዲህ "በዓል ከሳምንቱ ዕረፍት ጋር ሲገጥም ምትክ ቀን ይሰጣል" የምትል መስመር ጠይቂ። ለአሠሪው ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ለሠራተኛው ቤት ግን አንድ ሙሉ ቀን ናት።

እስካሁን ያልኩሽ የምትሸጡት ሰዓት ነው። አሁን የማትሸጡት ሰዓት ይምጣ፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ትግሉ የሚገባው እዚህ ነው። ብር ዋጋው ሲወድቅ አይተናል፤ በ1.75 የተባዛው ብር ከዓመት በኋላ ገበያ ይዘሽው ስትወጪ ያው የቅርጫቱ ግማሽ ነው። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ግን ዘንድሮም ሁለት ሳምንት ነው፣ ከዓሥር ዓመት በኋላም ሁለት ሳምንት ነው።

የዓመት ፈቃድ በአዲሱ አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። በድሮው ደግሞ 14 ተብሎ ይጀመርና ለየዓመቱ አንድ ይጨመር ነበር። ለአዲስ ገቢ አዲሱ ይሻላል። አምስት ዓመት የሞላው በሁለቱም 18 ላይ ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ግን የድሮው ይበልጣል፦ ሃያ ዓመት ያገለገለች ሴት በድሮው ቀመር 33፣ በአዲሱ 25 ቀን ነው ያላት። የእናንተ ስምምነት በድሮው አዋጅ ዘመን ተጽፎ የፈቃዱ አንቀጽ ሳይነካ የታደሰ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባትሽና እኔ ፈርመንበታል። በዚህ ዙር "ከአዲሱ አዋጅ ጋር ለማጣጣም" ተብሎ ማሻሻያ ይቀርብላችኋል። ማጣጣም የምትለው ቃል ለስላሳ ናት። ወጣቶቹ "እኛ ከ14 ወደ 16 ወጣን" ብለው እጃቸውን ያወጣሉ፣ አሮጊቶቹ ስምንት ቀን ያጣሉ፣ ወጣቶቹም እዚያው ካረጁ ተራቸው ይደርሳል። መልሱ ቀላል ነው፦ መነሻው 16፣ ጭማሪው በየዓመቱ አንድ። ሁለቱንም ጠይቂ። ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል።

ፈቃዱን ደግሞ በገንዘብ ለውጡልን የሚሉሽ የራስሽ አባላት ይሆናሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ "አሥሩን ቀን ይግዙኝ" ይላሉ። ሕጉ ይህን ይከለክላል፤ የሥራ ውል ሲቋረጥ ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ ከሚታሰብበት በቀር ፈቃድን በብር መለወጥም ሆነ ፈቃድን መተው አይቻልም። እኔም በዚህ ከሕጉ ጋር ነኝ። አንድ ጊዜ መሸጥ ከተፈቀደ የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ድሃ ሁሉ ሻጭ ይሆናል፣ ያልሸጠችውም "አንቺ ብቻ ነሽ ሥራ የምትጠይው" ትባላለች። ይልቅ ፈቃዱ እንዳይበላ አጥሪው። ማስተላለፍ የሚቻለው ከሁለት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው። የፈቃድ ፕሮግራም ዓመቱ ሲጀመር ወጥቶ ይለጠፍ፤ የተጠየቀ ፈቃድ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ካልተመለሰ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ከፈቃድ ላይ የተጠራ ሰው የመጓጓዣውና የውሎ አበል ወጪው በአሠሪው ነው፤ የቀረው ቀኑም ይተካለታል። ይህ በአዋጁ አለ፤ እናንተ የምትጨምሩት ማን ሊጠራ እንደሚችል ነው። የክፍል ኃላፊ ሁሉ ስልክ እየደወለ "ና" እንዳይል ሥልጣኑ ለአንድ ሰው ይሰጥ።

የሐዘን ፈቃድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሦስት ቀን ማለት ሰልስት ነው፤ ሟች ጎረቤት ከሆነ ይበቃል። ግን ከፋብሪካችሁ ልጆች ስንቱ ነው አገሩ እዚሁ የሆነ? መርዶው ማክሰኞ ማታ ይመጣል፣ ረቡዕ አውቶቡስ ነው፣ ሐሙስ ከአውቶቡስ ወርዶ የእግር መንገድ ነው፣ ዓርብ ለቅሶ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል፣ ፈቃዱም አልቋል። ቅዳሜ ሥራ ሳይገባ ቢቀር ያለ ፈቃድ መቅረት ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ስለዚህ የመንገድ ቀን ለብቻው ይቆጠር፤ በኪሎ ሜትር ልኩ ይቀመጥ። ሌላም አለ። ያሳደገች ሴት በሥጋ ላትዛመድ ትችላለች፤ አገራችን በእንዲህ ያለ እናት የተሞላች ናት። አዋጁ አይቆጥራትም። ሠራተኛው ሲቀጠር "አሳዳጊዬ" ብሎ አንድ ሰው በፋይሉ የሚያስመዘግብበትን መንገድ ብትጠይቂ ማኔጅመንቱ የሚከለክልበት ምክንያት ያጣል፤ እነሱም እኮ የሰው ልጆች ናቸው። ለሠርግም ያው 3 ቀን ነው፤ መልሱና ቅልቅሉ አይቆጠርም። እሱን ለሙሽሮቹ ተዪው፤ ከዓመት ፈቃዳቸው ይጨምሩበት።

ሕመም ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ ወር ግማሽ፣ ሦስቱ ወር ያለ ደመወዝ። የጥጥ ብናኝ በሚውጥ አዳራሽ የሚውል ሰው ሳንባ እንዴት እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ለሳንባ ነቀርሳ ብቻ እንኳ መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው። ሕመምተኛው ምግብ በሚያስፈልገው ሰዓት ደመወዙ ይነጥፋል። ከሥራው የመጣ በሽታ ከሆነ በሥራ ላይ ጉዳት አንቀጾች ይታያል፤ ያንን ማስመስከር ግን ጊዜ ይወስዳል። ለሕመም ፈቃድ ሙሉ ክፍያው ሁለት ወይም ሦስት ወር እንዲሆን ብትጠይቂ በየዓመቱ የሚነካው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ለአሠሪው ስሌቱን አስልተሽ ይዘሽ ግቢ፤ ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ከአንድ ወር በላይ ታመመ የሚለውን ከክሊኒኩ መዝገብ በቁጥር ብቻ፣ ያለ ስም፣ ማግኘት ይቻላል። ቁጥር ይዞ የገባ ተደራዳሪ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

የወሊድ ፈቃድ በአዋጁ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ሆኗል፤ ድሮ የኋለኛው 60 ነበር። መሻሻሉ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በ91ኛው ቀን ነው። በስፌት መስመር ላይ የምታጠባ ሴት ምን ታደርጋለች? የማጥቢያ ሰዓት፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ለተወሰነ ወራት ከሌሊት ፈረቃ ነጻ መሆን፤ እነዚህን እኛ ወንዶቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ስንቀመጥ ከዝርዝሩ መጨረሻ እያደረግናቸው ሰዓት ሲያልቅ እንተዋቸው ነበር። አንቺ ከመጀመሪያው ገጽ አድርጊያቸው። አባቱም 3 ተከታታይ ቀን አለው፤ አምስት እንዲሆን ጠይቂለት።

ስለ ጊዜ ደግሞ ልንገርሽ። ስምምነቱ ሌላ ቀን ካልተጻፈበት ለ3 ዓመት ይጸናል። ሊያበቃ 3 ወር ሲቀረው የድርድር ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ሌላው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ቅጂው ላይ ቀን ያለበት ማኅተም ሳያርፍ ከመዝገብ ቤቱ አትውጪ። ምክንያቱም ስምምነቱ ካበቃ በኋላ 3 ወር አልፎ ድርድሩ ካላለቀ ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅማ ጥቅም የሚናገሩት አንቀጾች መሥራታቸውን ያቆማሉ። ያ ማለት በሃያ ዓመት የተጠራቀመችው 33 ቀን ያለ ማንም ፊርማ ትጠፋለች። አሠሪው "ሥራ አስኪያጁ መንገድ ላይ ናቸው፣ የሒሳብ መዝጊያ ነው" እያለ ቢያጓትት ቸልተኝነት አድርገሽ አትውሰጂው፤ አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት ነው። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩን በጊዜው ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ውሰዱት። ሥራ ማቆም የሚባለውን በየስብሰባው አታንሺው፤ የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ደስ አይልም ግን እላለሁ። የማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለክርክር፣ ለስብሰባና ለሥልጠና ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላቸው፤ አሰጣጡ በስምምነት ይወሰናል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ይህች አንቀጽ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ረዝማ፣ ከሁሉ ተብራርታ ትገኛለች፤ የማጥቢያ ሰዓቷ ግን በሁለት ቃል ታልፋለች። ሠራተኛው ያነባል፤ ባያነብም ይነገረዋል። የእናንተ ፈቃድ በግልጽ ይጻፍ፣ ልክ ይኑረው፣ ማን በየትኛው ቀን እንደወሰደው በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ረቂቁን ስትጨርሱ ከመፈረማችሁ በፊት የፌዴሬሽናችሁ የሕግ ሰው ይየው። ከተፈረመ በኋላ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ መመዝገቡን አረጋግጪ፤ የተመዘገበውንም በመሳቢያ አትቆልፊበት። ለየክፍሉ ተጠሪ አንድ አንድ ቅጂ ስጪ። ማንበብ ለሚከብዳቸው በየፈረቃው መለዋወጫ ላይ ሩብ ሰዓት ጠይቀሽ ይነበብላቸው፤ የትርፍ ሰዓቱ ስሌት ግን በቃል ብቻ አይገባምና በሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ ደመወዝ፣ ለ208፣ ሲባዛ በ1.5። የእኔን ዘመን ስምምነት ከፈለግሽ ቤት አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ውሰጂው፤ በየገጹ ዳር አባትሽ በቀይ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አሉበት፣ አንዳንዶቹ ከአንቀጾቹ ይሻላሉ።